«በአንድ ሌሊት ይፈታው ነበር» ማለት ምን ማለት ነው?

የዲማ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንድ ወንድም የቮይኒችን ብራና፣ ያንን ባልታወቀ ፊደል የተጻፈና እስካሁን ማንም ያልፈታውን መጽሐፍ፣ ፎቶ አስቀምጦ፣ ከሥሩ «ፈረንጅ መቶ ዓመት የተቸገረበትን የጎጃም ቅኔ አዋቂ በአንድ ሌሊት ይፈታው ነበር» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። አንዲት ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ከማታ እስከ ንጋት አስጨንቃኝ ታውቃለች፤ እሷም በማውቀው ግስ፣ በማውቀው ቋንቋ። የማን ፊደል እንደሆነ ያልታወቀን መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ይፈታል ማለት ቅኔን ማክበር አይደለም፤ ቅኔን ጥንቆላ ማድረግ ነው።

ከቢቸና፦ ጻፊው እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። አውሮፓ ጠፋ ብሎ የተወውን መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየ ግዕዝ አይደለም? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ቅጂዎቹን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1821 በእንግሊዝኛ የተነበበው። በ1868 ከመቅደላ የተጫነው ብራናም ለንደን ተቀምጧል። ይህኛውስ ከእኛ ያልሄደ ስለመሆኑ ማን ምሎ ይነግረኛል?

የሒሳብ መምህርት ከፍኖተ ሰላም፦ መሐላ አያስፈልግም፤ መቁጠር ይበቃል። የግዕዝ ፊደል 26 በ7 ሲባዛ 182 ነው። የዚያ መጽሐፍ ምልክቶች፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉትን ትተን፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ቢሆኑ ነው። ደግሞም ግዕዝ ለአውሮፓ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም፤ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ታትሟል። መጽሐፉን የመጻሕፍት ነጋዴው ቮይኒች የገዛው በ1912፣ ያውም እዚያው ሮም አጠገብ ከኢየሱሳውያን ካህናት ነው። ግዕዝ ቢሆን ኖሮ ገና ሲገለጥ ይታወቅ ነበር።

ከቢቸና፦ 182 ያልሽው ከኢዛና ወዲህ ነው፣ እህቴ። ከእሱ በፊት በድንጋይ ላይ የተጻፈው ግዕዝ ካዕብ፣ ሣልስ የሚባል አልነበረውም። ፊደሉ በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ቁጥርሽ እኔን ነው የሚደግፈው።

የሒሳብ መምህርት ከፍኖተ ሰላም፦ አይደግፍህም። ቆዳው በካርቦን ተመርምሮ ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ይህ ከኢዛና ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት በ1434 ነው። ያን ጊዜ የአገራችን ጸሐፊ ሰባቱን ሆሄያት ትቶ በምን ምክንያት ወደ ጥንቱ ይመለሳል? ቆዳውም የጥጃ ነው።

የብራና ፋቂ ልጅ፦ ስለ ቆዳው እኔ ልናገር። አባቴ መርጡለ ማርያም አካባቢ ብራና ፋቂ ነበሩ። ፍየል ይበዛል እንጂ ጥጃም ይፋቃል፤ ስለዚህ ቆዳ ብቻውን አገር አይናገርም። የሚናገረው እጅ ነው። አባቴ ገጹን ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጉና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምሩታል። ብራናውን ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ጭረቱ እንደ ቦይ ይታያል፤ ፊደሉ ያንን ይዞ ነው የሚሄድ። የዚያን መጽሐፍ ገጾች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ የተሰመረ ነገር አይታይም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ስርዝ ድልዝ የለበትም ማለት ይቻላል። አባቴ በአርባ ዓመት ሥራቸው ቢላዋ ከአጠገባቸው ተለይቶ አያውቅም፤ የተሳሳተውን ይፍቁበት ነበር። ሳይሳሳት የሚጽፍ ሰው ወይ ከሌላ እየገለበጠ ነው፣ ወይ ስሕተት የማይኖረው ነገር እየጻፈ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። በዚያ መጽሐፍ አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚመጣበት ቦታ አለ። አያቴ ደብተራ ነበሩ፤ በክታባቸው ላይ አስማቱ እንዲሁ ይደጋገማል። የመድኃኒት መጽሐፋቸው ላይ ደግሞ የሥሩን ስም ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው ይጽፉ ነበር፣ ተማሪ እንዳይሰርቃቸው። የቮይኒችም ግማሹ የዕፅ ሥዕል ነው። የእኛ ነው አላልሁም። ግን ያ ጸሐፊ እንደ አያቴ ያለ ሰው እንደሆነ ልቤ ይነግረኛል።

የዲማ ልጅ፦ ያንተ አያት የገለበጡትን ስም መልሰህ ብታነበው ተክሉ ከጓሮ ይገኛል። መፍታት ማለት ይህ ነው። በዚያ መጽሐፍ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ኮምፒውተር ዕብራይስጥ ነው አለ፤ በ2019 አንድ ተመራማሪ የጥንት ላቲን ዘር ነው አለ። ሁለቱም ጥቂት ቃላት መርጠው አሳዩ እንጂ በዚያው ቁልፍ የሚቀጥለውን ገጽ አላነበቡም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ምስጢር የሰበረው ዊልያም ፍሪድማን እንኳ ዓመታት ደክሞበት አልሆነለትም። ስለዚህ ወንድሜ ከቢቸና፣ አንድ መስመር ፍታልኝ፤ ሁለተኛውን መስመር በዚያው መንገድ ልፍታው። ከሆነልኝ እግርህ ላይ እወድቃለሁ።

ከቢቸና፦ አስቀድመህ «ጥንቆላ» ያልኸውን አንሣ። እኔ ስለ ቅኔ ነው የተናገርሁ። ሰምና ወርቅ ለይቶ ያደገ ሰው ከሥር የተሰወረውን ለማየት ዓይኑ የሠላ ነው፤ ይህንን ዲማ ስድስት ዓመት ተቀምጠህ ካላገኘኸው ዋሸራ ብትሄድ ይሻልህ ነበር።

የዲማ ልጅ፦ የዲማን ጉባኤ በእኔ ድክመት አትመዝነው! ሰሙ ካልታወቀ ወርቁ ከየት ይወጣል? በዚያ መጽሐፍ እኮ ሰሙ ራሱ የለንም።

ከሞጣ፦ ዲማና ዋሸራ ስትባባሉ የቅኔ ሊቁን የተዋነይን አገር ጎንጅን የሚያነሣ ጠፋ። እኛ ጋ ያለውን ማን ቆጥሮታል?

የብራና ፋቂ ልጅ፦ እውነት ብለሃል። የዚያ መጽሐፍ ገጽ ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ አሜሪካ ዬል ካለው ቤተ መጻሕፍት ለዓለም ተለቋል። አባቴ የጻፉት ዳዊት ግን ባለፈው ክረምት እርጥበት ገብቶበት ሦስት ቅጠል ተጣብቆ አገኘሁት። ግዕዝ ነው፤ አንባቢ ሞልቶለታል። ቅጠሉን ማላቀቅ ግን አልቻልሁም። ሳይቀደድ የሚላቀቅበትን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከቢቸና፦ ስለ ዳዊቱ አዝናለሁ። የእኔን ጉዳይ በተመለከተ ግን፣ ቅዳሜ ሦስት ገጽ በወረቀት አሳትሜ የኔታ ዘንድ እሄዳለሁ።

የዲማ ልጅ፦ ሂድ። ግን «በአንድ ሌሊት» የምትለዋን ፊታቸው እንዳትናገራት።