«ዋዝ ክሎዝድ» ፓሲቭ ነው ወይስ አድጀክቲቭ? ግራ ገባኝ

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ሰላም የባህርዳር ልጆች። የአስጎብኚነት ስራ ልጀምር ብዬ እንግሊዝኛዬን እያደስኩ ነው፣ እና መልመጃ ላይ «ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ ዌን ዊ አራይቭድ» የሚለውን ፓሲቭ (ተደራጊ ግስ) ብዬ መለስኩ፣ መልሱ ግን አድጀክቲቭ (ቅጽል) ይላል። «ዋዝ» አለ፣ ፓስት ፓርቲሲፕል (ሦስተኛው የግስ ቅርጽ፣ እዚህ «ክሎዝድ») አለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀጥሎ ደግሞ «ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ ባይ ዘ ጋርድ» ፓሲቭ ነው ይለኛል። ያው ቃል እኮ ነው!! «ባይ» ካለ ፓሲቭ ከሌለ አድጀክቲቭ ብዬ ልሸምድደው?

ፔዳ ማዶ፦
ኧረ እንዳትሸመድድ ወንድሜ። መጀመሪያ በአማርኛ በለው። «ስንደርስ ሱቁ ዝግ ነበር» ነው ወይስ «ጥበቃው ዘጋው»? እኛ ዝግ እና ተዘጋ ብለን እንለያለን፣ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም ክሎዝድ ነው የሚለው። ዓሣ ቤት ገብተህ «ጥብስ ነው» ካሉህ የዓሣውን ሁኔታ ነገሩህ፣ «እየተጠበሰ ነው» ካሉህ ግን ጓዳ ውስጥ ሰው ስራ ላይ ነው ማለት ነው (ትጠብቃለህ 😂)፣ ለዛ ነው «ኢዝ ቢንግ ፍራይድ» ሁሌ ፓሲቭ የሚሆነው። አዲሱን የዓባይ ድልድይ እየው፣ «ዋዝ ኦፕንድ ኢን 2024» ፓሲቭ ነው፣ በኛ ግንቦት 2016 ተመርቆ ተከፈተ፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። «ኢዝ ኦፕን» ግን ክፍት ነው፣ ዛሬም በባጃጅ ታልፍበታለህ። ኦፕን የራሱ ቅጽል ስላለው አያምታታም።

ቲቸር ነኝ፦
የአማርኛው ዘዴ ጥሩ ነው ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል «ተ» አለው፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ግላስ ብሮክ» ሊል ይችላል፣ ፓሲቭ የሚባል ነገር የለበትም። «ባይ»ም ያታልላል፦ «አይ ዋዝ ቬሪ ሰርፕራይዝድ ባይ ዘ ፕራይስ»፣ ባይ አለ ግን ቬሪን ከተቀበለ አድጀክቲቭ ሆኗል። እኔ ተማሪዎቼን «ዋዝ»ን በ«ሲምድ» ቀይሩት ነው የምላቸው። «ዘ ሾፕ ሲምድ ክሎዝድ» ይሄዳል፣ «ሲምድ ክሎዝድ ባይ ዘ ጋርድ» ግን ጆሮ ይቧጥጣል። «አን» ከፊት ከገባም ብዙ ጊዜ አድጀክቲቭ ነው፣ «አንኦፕን» የሚባል ግስ ስለሌለ «ዘ ሌተር ዋዝ አንኦፕንድ» ፓሲቭ ሊሆን አይችልም። ታንኳው «ዋዝ አንታይድ» ካልክ ግን ተጠንቀቅ፣ አንታይ ራሱ መፍታት የሚል ግስ ነው፣ አንድ ሰው ፈቶት ሊሆን ይችላል።

ጀማሪ አስጎብኚ፦
ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ የ«ሲምድ»ን ያዝኩት። ግን ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር «ዘ ቸርች ኢዝ ሰራውንድድ ባይ ፎረስት» ይላል፣ ባይ አለው፣ እና ማን ነው የከበበው??

ቲቸር ነኝ፦
😄 ደኑ ተነስቶ አልከበበም፣ የቦታውን ሁኔታ ነው የሚነግርህ፣ ቅርጹ ግን የፓሲቭ ነው። እዚህ ላይ ሰዋስው አዋቂዎቹም አይስማሙም፣ መሃል ቤት አድርገው ስቴቲቭ ፓሲቭ (ሁኔታን የሚገልጽ ፓሲቭ) የሚሉት አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው፣ ጀልባ ላይ እንደዛው በለው።

ፔዳ ማዶ፦
ዝናብ ከመጣ ደግሞ «ዊ አር ሶክድ» (በስብሰናል) በላቸው፣ የቱ እንደሆነ ዘጌ እስክትደርሱ ታስብበታለህ