እናቴንና ልጄን የድሮ እርሻ ሙዚየም በጎ ፈቃደኛ ላድርጋቸው?

አንዲት እህት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከጎጃም ከመጣች ሰባት ወር ሆናት። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። እሷ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገድ ታያለች። ልጄ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ማሟላት አለበት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የድሮ ልብስ ለብሰው የጥንቱን የእርሻ ኑሮ የሚያሳዩበት ሙዚየም በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ሐሳቡ ደስ ቢለኝም ከበደኝ። ጥቁር ሰው በዚህ አገር የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ ሲቆም ምን ተብሎ ነው የሚታየው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ ማገልገል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የገባሁበት በእሷ ምክንያት ነው። አንድ እሑድ ማውንት ቨርነን ወሰድኳት፤ የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ቦታ ነው። ትልቁን ቤት ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ምንም አላለችም። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው እርሻ ስንወርድ አንድ ክብ የሚመስል ቤት አገኘን። ጎኑ ሲቆጠር 16 ነው። ፎቁ ላይ ስንዴ ይነጠፍና ፈረሶች እየዞሩ ይረግጡታል። ፍሬው በወለሉ ሳንቃዎች መሀል ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገለባው ላይ ይቀራል። ዋሽንግተን ራሱ ነው በ1792 የነደፈው፤ አሁን የሚታየው በ1996 እንደገና የተሠራ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የነደፈው፣ ስንዴው ውጭ ሜዳ ላይ ሲወቃ ጭቃና ዝናብ ያበላሸው ስለነበር ነው።

እናቴ እኔ ማስረዳት ሳልጀምር «ይሄማ አውድማ ነው! ጣራ ሠርተውለት!» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ስለ ማበራየት፣ ስለ መንሽና ላይዳ፣ ነፋስ ስለሚጠበቅበት ሰዓት ሁሉ ታወራለች። እኔ እየተረጎምኩ ነው። አስጎብኚው ወሬውን ትቶ ይጠይቃት ጀመር፤ በሬዎቹ ስንት ናቸው፣ እህሉን እንዳይበሉ ምን ታደርጋላችሁ እያለ። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ሰው የምታውቀውን ነገር ሲጠይቃት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እኛ አካባቢ ላለ አንድ አነስተኛ የእርሻ ሙዚየም ፎርም ሞላን።

አሁን ወደ ልብሱ ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄሽ እሱ ስለሆነ። እነዚህ ሙዚየሞች ሁለት ዓይነት አነጋገር አላቸው። አንዳንዱ ቦታ ለባሹ የዚያን ዘመን ሰው ሆኖ ነው የሚያወራው፤ ስለ ዛሬ ብትጠይቂው አያውቅም። ሌላው ቦታ ልብሱን ለብሰሽ የምታወሪው እንደ ራስሽ ነው፤ «እነሱ እንዲህ ያደርጉ ነበር» ትያለሽ። ማሳቹሴትስ ያለው ፕሊመዝ ፓተክሰት የሚባል ሙዚየም ሁለቱም አለው። በእንግሊዝ ሰፋሪዎቹ መንደር ያሉት የ1600ዎቹ ሰው ሆነው ይናገራሉ። በነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች በኩል የሚሠሩት ግን ራሳቸው የነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው፤ የአባቶቻቸውን ልብስ ለብሰው እንደ ዛሬ ሰው ነው የሚያወሩት። የሌላ ሰው መጫወቻ አይሆኑም። እኔ ለእኛም የሚሻለው እሱ ነው እላለሁ። ፎርም ከመሙላትሽ በፊት የትኛው አሠራር እንደሆነ ጠይቂ። ባሪያ ሆነሽ ተናገሪ የሚልሽ ካለ፣ አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው።

ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ተዘጋጂ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣና «አንቺ ባሪያ ነሽ?» አለኝ። እናቱ ፊቷ ቀላ። እኔም ምላሴ ተሳሰረ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። «እኔ አይደለሁም። ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ነፃ አልነበሩም። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት እርሻዎቹ ላይ በባርነት የተያዙ 317 ሰዎች ነበሩ» እለዋለሁ። መርፌ ይዤ ከሆነ ስለ ኦና ጀጅ እነግረዋለሁ። የዋሽንግተን ሚስት ማርታ በባርነት የያዘቻት አገልጋይ ነበረች፤ ልብስ በመስፋት የተካነች። በ1796 ከፊላደልፊያ አመለጠች። ሊያስይዟት ሞክረው አልቻሉም፤ በ1848 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ እስክትሞት አልተመለሰችም። ሕፃን ይህን በደንብ ይረዳል።

አንድ ስህተቴን ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ለጎብኚ ሁሉ «እኛም አገር እንደዚሁ ነው» እል ነበር። ምድጃውም፣ እሳት አዳፍኖ ማሳደሩም፣ ውቂያውም። አንዲት ትልቅ ሴት፣ እዚሁ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፣ አብራኝ ታገለግላለች። ለብቻዬ ወስዳ «አባትሽ ሲወቃ ምርቱ የማን ነበር?» አለችኝ። የራሱ ነበር። አያቴማ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበሩ፤ ለባለመሬቱ ይከፍላሉ፤ ብዙ ግፍ አይተዋል። ልጆቻቸውን ግን ማንም ወስዶ አልሸጠባቸውም። ከዚያ ወዲህ «እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ታሪኩ ግን የእነሱ ነው» ነው የምለው። ይህን ሳያጠኑ ልብሱን መልበስ ትክክል አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። ነበር፤ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። ደብቄ አላውቅም።

የቀረው ቀላል ነው። ማመልከቻ ይሞላል፣ የወንጀል ማጣሪያ ይደረጋል፣ ሥልጠና አለ። ልብሱን ብዙ ጊዜ እነሱ ይሰጣሉ፤ ጫማውን ግን ጠይቂ። ሰዓት፣ ስልክና የጥፍር ቀለም አይፈቀድም። እሳት አጠገብ የሱፍ ወይም የተልባ እግር (ሊነን) ልብስ ብቻ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ከውስጥም ቢሆን አትልበሱ።

እንግሊዝኛ አለመቻሏ አያስፈራሽ። እናቴ የምታውቀው «ሄሎ» እና «ካም፣ ሲ» ብቻ ነው። ጥጥ ስትፈትል ግን ሰው ይከባታል። እንዝርቷን እንደ ቨርጂኒያ ዕቃ ከሌላው ጋር አያስቀምጡም፤ ልክ ናቸው፣ የዚያ ቦታ ዕቃ አይደለማ። የሌላ አገር አፈታተል በሚያሳዩበት ቀን ነው የምታወጣው።

የመኖሪያ ወረቀት ያልጨረሳችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። ደሞዝ ሊከፈልበት የሚገባ ሥራ በበጎ ፈቃድ ስም መሥራት ችግር ያመጣል።

መልስ፣ አንድ አባት ከጌይተርስበርግ

እህታችን ጥሩ አድርጋ ጽፋለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ስለ ልጁ ሰዓት ብቻ ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ 75 ሰዓት አገልግሎት ግዴታ ነው። ዲሲ 100 ነው። ሁሉም ቦታ ግን አይቆጠርም። ልጄ አንድ ክረምት ሙሉ አንድ ቦታ አገለገለች፤ ኋላ ትምህርት ቤቱ «ቦታው ያልተፈቀደ ነው» ብሎ 30 ሰዓቷን ጣለባት። በጣም አለቀሰች። አስቀድማችሁ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ አረጋግጡ፤ ፎርሙንም በየጊዜው አስፈርሙ። ዕድሜም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ ወላጅ አብሮ እንዲገኝ ይፈልጋል።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ጽሑፉን ለእናቴ አነበብኩላት። አውድማው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «ፈረስ? ፈረስ እኮ ይሮጣል፤ እህሉን አይበትነውም?» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ልጄ ግን ልብሱን አልለብስም ብሏል።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

አይልበስ፤ አታስገድጂው። ልብስ የማያስፈልገው ሥራ ሞልቷል። በጎች መመገብ አለ፣ አጥር መጠገን አለ፣ እንጨት መደርደር አለ። ሲፈልግ ራሱ ይጠይቃል።

ለእናትሽ ጥያቄ፣ ቤቱ ዙሪያውን ግድግዳ ስላለው እህሉ የትም አይሄድም በያት። ራሷ መጥታ ብታየው ደግሞ ይሻላል። የዚህን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማውንት ቨርነን በር ላይ እንገናኝ፤ እናቴም ትመጣለች። እንዝርቷን ይዛ ከሆነ ከአገር የወጣችው፣ ይዛው ትምጣ። ባዘቶ እኛ ጋ አለ።