የራስን መኪና በራስ እጅ፦ ሊፍት ልከራይ ወይስ መካኒክ ልጥራ?

እዚህ ቨርጂኒያ መኪናዬን ለዓመታዊው ምርመራ ወሰድኳት። 20 ዶላር ከፍዬ፣ ወድቃለች የሚል ስቲከር አስለጥፌ ወጣሁ። የፊት ፍሬን ሸራ አልቋል። የሚሰጡት 15 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠርቶ ወደዚያው ቦታ የተመለሰ ለድጋሚው ምርመራ የሚከፍለው 1 ዶላር ብቻ ነው። ዲለሩ፣ ማለትም መኪና ሻጩ ድርጅት፣ ለሸራና ለዲስክ 480 ዶላር ጠየቀኝ። ካምሪ ናት እንጂ አውሮፕላን አይደለችም! ራሴ እሠራታለሁ አልኩ።

ግን የት? አብዛኞቻችን የምንኖረው አፓርትመንት ነው። የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው የሚል መስመር አይጠፋውም። ጓደኛዬ አንዴ ጎማውን አውልቆ መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ የሕንፃው ሠራተኛ መጥቶ ፎቶ አነሳው። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ በሩ ሥር ገባለት።

ስለዚህ በሰዓት የሚከራይ ጋራዥ ፈልጌ አገኘሁ። መኪናውን ወደ ላይ የሚያነሳ ሊፍትና መሣሪያ ይሰጧችኋል፣ ሥራው የእናንተ ነው። መጀመሪያ ወረቀት ያስፈርማሉ። ባጭሩ ሲነበብ “ብትጎዳ እኛ የለንበትም” ነው የሚለው።

ሊፍቱ በሰዓት 35 ዶላር ነው። በሰዓት ተኩል እጨርሳለሁ ብዬ ገባሁ። ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ወዲያው ወጣ። ዲስኩ ግን ዝጎ ተጣብቋል። እዚህ አገር ክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን እንዲህ አድርጎ ነው የሚበላው። መዶሻ አነሳሁ። ደበደብኩት፣ ደበደብኩት፣ ንቅንቅ አልል አለ። አርባ ደቂቃ ሄደ። ጎን ካለው ሊፍት ሥር አንድ ሽማግሌ ሐበሻ ብቅ አሉ።

“ልጄ፣ መዶሻውን አስቀምጠው። ቡሎን የለህም?”

ለካ ዲስኩ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ስንቴ አይቻቸው ለምን እንደሆኑ አስቤ አላውቅም። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሁለቱም ላይ አስገቡና ተራ በተራ አጠበቁ፤ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ። ቋ! አለና ለቀቀ። “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ” ብዬ ሳልጨርስ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ሒሳቡ ይኸው። ሸራና ዲስክ 118፣ ሦስት ሰዓት ሊፍት 105፣ “ወለሉን አቆሽሸሃል” ተብዬ ደግሞ 20። ጠቅላላ 243 ዶላር። የማውቀው ሐበሻ መካኒክ ዕቃውን እኔ ካመጣሁለት ለጉልበቱ 100 ነው የሚያስከፍለኝ። ማለትም በ218 ቁጭ ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ ይሠራልኝ ነበር። የዲለሩን ግማሽ ነው የከፈልኩት ብዬ ልጽናና እንጂ ተበልቻለሁ። ያቺ 20 ዶላር እስካሁን ታንገበግበኛለች። ከመግባታችሁ በፊት የጽዳት ክፍያ አለ ወይ፣ ሰዓቱስ በደቂቃ ነው ወይስ በሙሉ ሰዓት የሚቆጠረው ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ የእኔ ጥቆማ። ሊፍት መከራየት የሚያዋጣው መኪናው ሥር ገብታችሁ ለምትሠሩት ሥራ ነው። የጭስ ማውጫ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ሾክ የመሳሰለው። ያውም ከዚህ በፊት የሠራችሁት ከሆነ። ሰዓት እየቆጠረባችሁ መማር ውድ ትምህርት ነው።

ፍሬን ብቻ ከሆነ ግቢ ያለው ወዳጅ ፈልጉ። መሣሪያ አትግዙ፤ የመኪና ዕቃ መሸጫው አውቶዞን ያውሳል። የመሣሪያውን ዋጋ ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ በ90 ቀን ውስጥ ስትመልሱ ሙሉውን ይመልሱላችኋል። የካሊፐር መጫኛም፣ ዳዶ በልክ የሚያጠብቀው ቶርክ ሬንችም አላቸው። ሬንቹን ያዙት፤ የካምሪ የጎማ ዳዶ 76 ፉት ፓውንድ ነው እንጂ እንደለመድነው መፍቻው ላይ ቆመን የምንዘልበት አይደለም። አሮጌ ዘይታችሁንም በነጻ ይቀበላሉ። የሾክ ስፕሪንግ መጭመቂያውንም ያውሳሉ፣ እሱን ግን እኔ አልነካውም። ካመለጠ ፊት ይሰብራል። ከነስፕሪንጉ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ግዙ። ደግሞ ክሪክ ብቻ አምናችሁ ሥር እንዳትገቡ፤ መኪናውን ደግፎ የሚይዘውን የብረት መቆሚያ አድርጉበት።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ወታደር ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የአሜሪካ ጦር ካምፖች ውስጥ ለወታደሩ፣ ለጡረተኛውና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ ራስ በራስ መጠገኛ አለ። ፎርት ቤልቮር ውስጥም አለ። ሊፍቱ ርካሽ ነው፣ ስትቸገሩ የሚያሳይ ባለሙያም አይጠፋም። መታወቂያው ግን ግድ ነው።

ለመስታወት፣ ለበር እጀታ፣ ለመብራት አዲስ ዕቃ አትግዙ። ባልቲሞር አካባቢ ፒክ ዩር ፓርት የሚባል የአሮጌ መኪና ግቢ አለ፤ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ትገቡና ከአሮጌ መኪና ራሳችሁ ፈታችሁ ትወስዳላችሁ። ሶማሌ ተራን አስቡት፣ ደላላው ተቀንሶ። መፍቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የክረምት ጫማም አድርጉ፤ ጭቃው አይጣል ነው።

ቤት ድረስ የሚመጡት መካኒኮች? ለባትሪና ለዲናሞ ጥሩ ናቸው። ከዚያ ላለፈ ሥራ እነሱም ያው የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ለሕንፃው ኃላፊ ስልክ ይደወልባቸዋል።

የኋላው ፍሬን በመጪው ወር ይደርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እሑድ ከሰዓት ክፍት የሆነ፣ በደቂቃ የሚያስከፍል ሊፍት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ቡሎኑን ይዤ እመጣለሁ።