የሊቲየም-6 ፊውዥን ስሌቴ ከሙከራው በላይ ወጣ፤ ፖቴንሻሉን ልነካካው?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ደሴ ነኝ፣ የማስተርስ ቲሲስ እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ሊቲየም-6 ከቢስመዝ-209 ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረው ፊውዥን (የሁለቱ ኒውክሊየሶች መዋሃድ) ነው። ሲሲፉል በሚባለው የፊውዥን ማስያ ኮድ አስልቼ ከታተመው የሙከራ ዳታ ጋር ሳስተያየው፣ ከባሪየሩ (ኒውክሊየሶቹ ለመዋሃድ ማለፍ ካለባቸው የመገፋፋት ግድብ) በላይ ባለው ኢነርጂ ሁሉ ሙከራው ከኔ መስመር ሲሶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ኢንፑቱን ደጋግሜ አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። ኦክስጅን-16 በሊድ ላይ ስሞክር ደግሞ ኮዱ ደህና ይሠራል። አብረውኝ የሚማሩት "የፖቴንሻሉን ጥልቀት ቀንሺው፣ ይገጥምልሻል" ይሉኛል፤ ማለትም ኒውክሊየሶቹ የሚሳሳቡበትን ጥንካሬ። ስቀንሰው እውነትም ይቀርባል፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

የኮምቦልቻው፦
አብሽሪ እህቴ፣ ኮድሽ ደህና ነው። ፖቴንሻሉንም እንዳትነኪው! የጎደለው ሲሶ ራሱ ነው ፊዚክሱ። ሊቲየም-6 አልፋና ዲውትሮን ወደሚባሉ ሁለት ቁራጮች ለመለያየት 1.47 ኤምኢቪ (የኒውክሊየር ኢነርጂ መለኪያ) ብቻ ይበቃዋል፤ ከኦክስጅን-16 አልፋ ለማውጣት ግን ከ7 ኤምኢቪ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቲየሙ ቢስመዙ ጋ ሳይደርስ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ቁራጭ ይገባል፣ ሌላው ያመልጣል። ሙከራው ላይ ሙሉ ፊውዥን የሚባለው ደግሞ ቻርጁ በሙሉ የገባበት ብቻ ነው። ሲሲፉል ስለ መሰንጠቁ የሚያውቀው ነገር የለም። የካንቤራ ቡድን በ2004 ያሳተመው ልክ ያንቺን ሪአክሽን ነው፣ የጎደለውም ሲሶ ገደማ ነበር። ለሊቲየም-7 ጉድለቱ ያንሳል፣ እሱን ለመለያየት 2.47 ኤምኢቪ ስለሚያስፈልግ። ጥልቀቱን ከቀነስሽ ባሪየሩ ከፍ ይላል፣ ከባሪየር በታች ያለው ስሌትሽ ደግሞ ገደል ይገባል። ፈታኝ ለምን ቀነስሽው ቢልሽ ምን ልትመልሺ ነው?

መምህር ከፒያሳ፦
ልጄ፣ የተባለው ልክ ነው። ቀጥሎ ፍሬስኮ ወደሚባለው ኮድ እለፊ። ነፃ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሲዲሲሲ የሚባለውን፣ መሰንጠቁን ስሌት ውስጥ የሚያስገባውን ዘዴ እዚያ ትሠሪበታለሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተለያዩት አልፋና ዲውትሮን በመካከላቸው የትኛውም ኢነርጂ ሊኖር ይችላል፣ ኮንቲኒየም ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ማለቂያ የሌለውን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ኮንቲኒየሙን በቢን (በኢነርጂ ክፍልፋይ) ትከፋፍይዋለሽ፣ እያንዳንዱን ቢን እንደ አንድ ኤክሳይትድ ስቴት ትቆጥሪውና ከሌሎቹ ጋር ታጣምሪዋለሽ። ሊቲየም-6 2.19 ኤምኢቪ ላይ ስፒኑ 3 የሆነ በጣም ጠባብ ሬዞናንስ (ቆይቶ የሚበተን ስቴት) አለው። እዚያ አካባቢ ቢኖቹን አጥብቢ፣ ሌላው ጋ ሰፋ ቢሉ ችግር የለም። ከዚያ የቢኑን ብዛትና ከፍተኛውን ኢነርጂ ጨምሪ፣ መልሱ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ። ይህን ሳያረጋግጡ ግራፍ የሚያወጡ ሲያጋጥሙኝ በጣም አዝናለሁ። መብራት ስለሚጠፋም ሁሉንም ኢነርጂ በአንድ ጊዜ አታስኪጂ፣ አንድ አንዱን እያስቀመጥሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ሲዲሲሲ ጠቅላላ ፊውዥን ይሰጥሻል እንጂ ሙሉውን ከከፊሉ (አንዱ ቁራጭ ብቻ ከገባበት) በቀላሉ አይለይልሽም።

ወሎዬ፦
መምህር ባሉት እስማማለሁ። የኮምቦልቻው ወንድሜ ግን ሁሉንም ለመሰንጠቅ መስጠትህ ላይ አልስማማም። በ2019 በሊቲየም-7 እና በቢስመዝ ላይ የወጣው ሥራ እንዳሳየው፣ ከፊል ፊውዥን ይባል የነበረው የፖሎኒየም ምርት በአብዛኛው የመጣው ትራይቶኑ (ከአልፋው ሌላ ያለው የሊቲየም-7 ቁራጭ) በቀጥታ ወደ ቢስመዙ በመተላለፉ ነው፣ መጀመሪያ ተሰንጥቆ ኋላ በመያዙ አይደለም። ለሊቲየም-6ም ትራንስፈርን ችላ ብሎ ቲሲስ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ቢያንስ ውይይት ክፍሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

የኮምቦልቻው፦
ተቀብያለሁ፣ ጥሩ ነጥብ ነው።

ጦሳ ስር፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የሲሲፉሉን መስመር ሳልነካው አስቀምጬ ጉድለቱን በግልጽ አሳያለሁ። መምህር፣ አንድ ልጠይቅዎ፤ በአልፋና በዲውትሮን መካከል ያለውን ፖቴንሻል ከየት ላምጣው?

መምህር ከፒያሳ፦
የታተመ ዉድስ-ሳክሰን (የተለመደ የፖቴንሻል ቀመር ነው) ውሰጂና ሁለት ነገር ፈትኚ፦ 1.47ቱን ይሰጣል ወይ፣ ሬዞናንሱንስ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል ወይ። አንዱ ጥልቀት ሁለቱንም ካልሰጠሽ ለኤል (የአንጉላር ሞመንተም ቁጥር) 0 እና ለኤል 2 የተለያየ ጥልቀት መጠቀም ይቻላል፣ የተለመደ ነው። ኢንፑቱን እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።