የሰፈር ሳንድዊች ቤቶችን መገምገም፦ ምኑ ከምኑ ይወዳደራል?

የገርጂዋ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ከገርጂ እስከ መገናኛ ያሉትን ሳንድዊች ቤቶች በትርፍ ጊዜዬ እየዞርኩ ልገመግም ነው። ካፌውም፣ ጁስ ቤቱም፣ እርጥብ (የድንች ጥብስ በዳቦ) የሚሸጡት ትንንሽ ቤቶችም ይገባሉ። «ይጣፍጣል፣ ከ10 8» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ ምንም እንደማይነግረው ይገባኛል፤ ግን በምን ይተካ? አንዱ ቤት የታወቀው በክለብ ሳንድዊች ነው፣ ሌላው በቱና፣ ሌላው በእንቁላል። ምኑን ከምኑ ላወዳድር? አንድ ቤት ስንት ጊዜ ልሂድ? የጾም ቀንስ እንዴት ይታያል? ዋጋው ነጥቡ ውስጥ ይግባ ወይስ ለብቻው ይጻፍ? ከስልኬ ሌላ መግዛት ያለብኝ ዕቃ ካለም ንገሩኝ።

ግራም በግራም፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መለኪያ የሚሆን አንድ ሳንድዊች ምረጪ። ሁሉም ቤት ያለው መሆን አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ይኼ እንቁላል ሳንድዊች ነው። ክለብ ለዚህ አይሆንም፤ አንዱ ዶሮ ያደርግበታል፣ ሌላው ሞርታዴላ፣ ሦስተኛው እንቁላልና አይብ ብቻ። ስሙ አንድ፣ ምግቡ ሦስት። እንቁላል ሳንድዊች ግን እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዳቦ ነው፤ ለአብሳዩ መደበቂያ የለውም። ቤቱ የታወቀበትን ሳንድዊች ሁለተኛ አድርገሽ ለብቻው ጻፊ፣ ከሌላ ቤት ጋር ግን አታወዳድሪው። ስታዝዢም ሁልጊዜ «ኖርማል» በይ። «ስፔሻል» ምን እንደሚጨመርበት ከቤት ቤት ስለሚለያይ ማወዳደሪያሽን ያፈርሰዋል።

ዕቃ ካልሽ፣ 1 ግራም የሚለይ ትንሽ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛንና መርፌ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ይበቃሻል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሚዛኑ ላይ ሶፍት አንጥፊና ዜሮ አድርጊው። ሳንድዊቹን ሙሉውን መዝኚ። ከዚያ መሐሉ ላይ አስቆርጪና የተቆረጠውን ፊት ፎቶ አንሺ፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ ዳቦ ብቻ ነው የሚያሳየው። አንዱን ግማሽ ለመብላት ተይው፣ ሌላውን ፍቺውና ዳቦውን ለብቻ፣ ውስጡን ለብቻ መዝኚ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ዳቦው ማዮኔዝና የቲማቲም ውኃ ስለሚመጥ ከእውነተኛው ክብደቱ በላይ ይመዝናል፣ ውስጡ ደግሞ ያነሰ ይመስላል። ቤቱ ዳቦውን ለብቻም የሚሸጥ ከሆነ አንድ ባዶ ግዢና መዝኚ፤ ከጠቅላላው ላይ ስትቀንሺው የውስጡን እውነተኛ ግራም ታገኚያለሽ። ለምሳሌ ጠቅላላው 240 ግራም፣ ባዶው ዳቦ 110 ግራም ከሆነ ውስጡ 130 ነው። ለእንቁላል ሳንድዊች ውስጡ ከዳቦው እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ሲል ጥሩ ነው። ዳቦው የውስጡን እጥፍ ከሆነ እየበላሽ ያለሽው ዳቦ ነው።

እንቁላሉንም ጠይቂ። የፈረንጅ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ ወደ 50 ግራም ይመጣል፤ የሐበሻ ከዚያ በደንብ ያንሳል። «ሁለት እንቁላል አለው» የሚለው ስለዚህ ብቻውን መለኪያ አይደለም።

ባለ መጥበሻው፦

ከላይ ስለ ግራም የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ካላወቅሽ ግምገማሽ «አልወደድኩትም» ከሚለው አያልፍም።

ከዳቦው እንነሳ። ሳይጠበስ ከሆነ በአውራ ጣት ጫን አድርጊው፤ ተመልሶ ካልተነሳ ያደረ ወይም በደንብ ያልበሰለ ነው። ዳቦ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ውጪ ካለው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ስታርቹ በቅዝቃዜ ቶሎ ስለሚጠጥር። ቤቶቹ ይኼን በማሞቅ ይሸፍኑታል፤ የሞቀ ዳቦ ለጥቂት ደቂቃ የትኩስ ይመስላል። ስለዚህ አንዷን ጫፍ ሳትበይ 5 ደቂቃ አስቀምጫት። እንደ ጎማ ከተለጠጠች ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብታለች። ደርቃ ከተፈረፈረች ያደረ ዳቦ በግሪል ተጠብሶ ነው። በዚያው ቀን የተጋገረ ዳቦ ከ5 ደቂቃ በኋላም ውጪው ቀጭን ቅርፊት፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ለእኔ ከሳንድዊቹ ግማሹ ዳቦው ነው፤ ደህና እንቁላል በመጥፎ ዳቦ ከሚሰጠኝ ተራ እንቁላል በጥሩ ዳቦ እመርጣለሁ።

የተጠበሰ እንቁላል ሳንድዊቹ ውስጥ ውኃ ከተፋ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እንቁላሉ ከመጠን በላይ በስሏል፤ ሲጠነክር የያዘውን ውኃ ይጨምቃል። ወይ ቲማቲሙ ቀድሞ ሳይቁላላ ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ነው የገባው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ቲማቲም ውኃው እስኪመጥ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ቃሪያ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ገና እርጥበት እያለው ይወርዳል፣ የቀረውን ዳቦው ውስጥ ባለው ሙቀት ይጨርሳል።

የተቀቀለ እንቁላል የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ የመቀቀያ ሰዓት እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጭማሪ ይፈልጋል። አስኳሉ መሐል ላይ እርጥብና ጠቆር ያለ ከሆነ አልደረሰም። ዙሪያውን አረንጓዴ ግራጫ ቀለበት ከያዘ ደግሞ አልፏል ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ቆይቷል፤ ይኼኛው ለጤና ምንም አይደለም፣ ሽታው ግን ይለወጣል።

ጥሬ ቲማቲምና ሰላጣ ያለበት ሳንድዊች ላይ ማዮኔዙ ወይም ቅቤው የት እንዳለ እዪ። ከዳቦው ጋር ከተቀባ፣ ጠርዝ ድረስም ከደረሰ፣ ውኃው እንዳይገባ ይከለክላል። መሐል ላይ በማንኪያ ከተጣለ ዳቦው ይርሳል፣ ማዮኔዙም በመጀመሪያው ንክሻ ከኋላ ይወጣል። ሰላጣው ታጥቦ ካልተራገፈም ያው ነው።

እርጥብ ላይ ነገሩ ሁሉ ዘይቱና ድንቹ ነው። ድንቹን በሶፍት ጫን አድርጊው፤ ሶፍቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከራሰ ዘይቱ በደንብ ሳይግል ነው የገባው። ጉሮሮ የሚይዝ ጣዕምና የከረረ ሽታ ካለው ዘይቱ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ድንቹ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ በቅዝቃዜ ስኳሩ ስለሚጨምር ሳይበስል ይጠቁራል። ሁለቴ የሚጠበስበት ቤት፣ መጀመሪያ መለስተኛ ዘይት ላይ ቀጥሎ በጋለ፣ ካገኘሽ በስሙ ጥቀሺው፤ ይገባዋል።

ዳጣና ሚጥሚጣ እስከ ሦስተኛው ንክሻ አይነካ። ምላስ አንዴ ከተቃጠለ ጨውንም ዳቦንም አይለይም። በአንድ ቀን ከሁለት ቤት በላይ አትሂጂ። ጓደኛ ይዘሽ ከሄድሽም ከመመዘንሽ በፊት ጉርሻ የለም።

ሐሙስ ይሻላል፦

ስለ ቀንና ስለ ብር እኔ ልመልስ።

እያንዳንዱን ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት። አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ዳቦው ሲገባ፣ አንዱ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥ ቤቱ ሲጨናነቅ፣ አንዱ 10 ሰዓት ላይ የጠዋቱ ዳቦ ሲያረጅ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ የሄደ ሰው የቤቱን ምርጡን ወይም ፍጥነቱን ነው ያየው። ካዘዝሽበት እስኪመጣ ያለውን ደቂቃም ጻፊ፤ እንቁላል ሳንድዊች በ3 ደቂቃ ከመጣ እንቁላሉ ቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ሳንድዊች አትገምግሚ። ብዙ ቤት ጭራሽ አይሠራም፤ የሚሠራውም ቤት ስለማይሸጥለት ዶሮው ከማክሰኞ ያደረ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ጠዋት የዶሮ ሳንድዊች ማዘዝ የቤቱን ጠባይ በደንብ ያሳያል፤ ትኩስ ነው ወይስ የማክሰኞ? ለፍስኩ ከዓመቱ የተሻለው ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያለው 50 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ስለሚበላ። በዓቢይ ጾም 55 ቀንና ነሐሴ ላይ በፍልሰታ የጾሙን ሜኑ ሥሪ።

የጾም ሳንድዊች ሦስት ወጥመድ አለው። ማዮኔዝ በተለመደው አሠራሩ የእንቁላል አስኳልና ዘይት ነው፤ «የጾም» ከተባለ ያለ እንቁላል የተሠራ መሆኑን ጠይቂ፣ ከተቻለም ዕቃውን አይተሽ ጻፊ። ዳቦውን ማስዋቢያ እንቁላል ተቀብቶ ወይም ወተት ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ አናቱ እንደ መስታወት የሚያበራ የበርገር ዳቦ ካየሽ ጠይቂ። ሦስተኛው ዳቦው የሚሞቅበት ምድጃ ቅቤ የነካው መሆኑ ነው። የቱናን ነገር፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን፣ እባካችሁ እዚህ አንጀምረው፤ «ቱና አለው» ብለሽ ጻፊና አንባቢው ራሱ ይወስን። ሥጋ ካለበትም የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም አትርሺ፤ ለብዙ አንባቢ ከጣዕሙ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ዋጋ ነጥብ ውስጥ አይግባ፤ ለብቻው ይጻፍ። የምትጽፊው ደግሞ የሜኑውን ሳይሆን የደረሰኙን ነው። ሜኑው ላይ 450 ብር ያለ ሳንድዊች ቫትና ሰርቪስ ያልገባበት ከሆነ፣ 10 ከመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 495፣ በዚያ ላይ 15 ከመቶ ቫት ሲመጣ 569 ከ25 ሳንቲም ነው። ጎን ያለው ጁስ ቤት 520 ብሎ ሁሉን አካትቶ ከጻፈ ርካሹ እሱ ነው። የከፈልሽውን ለውስጡ ግራም አካፍዪው። 260 ብር፣ ውስጡ 130 ግራም፣ በግራም 2 ብር። ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ከጥቂት ወር በኋላ ውሸት ስለሚሆን ቀኑን አትዝለዪ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ስለ ነጥብ ከብዙ ገምጋሚ ትንሽ እለያለሁ። ዳቦ 30፣ ውስጥ 30 እያሉ ከ100 የሚደምሩት ነገር ብዙ ይደብቃል። ዳቦው ያደረ፣ እንቁላሉ ግሩም የሆነ ቤትና የዚያ ተቃራኒ የሆነ ቤት እኩል 72 ሊያመጡ ይችላሉ፤ አንባቢው ግን የቱ ጋ ሄዶ ምን እንደሚያገኝ አላወቀም። ዳቦ፣ ውስጥ፣ ሙቀት፣ አለመፍረስ፤ አራቱን ለየብቻ ከ5 ስጪና አትደምሪ። ተመልሼ እከፍልበታለሁ ወይስ አልከፍልም የሚለውን ከታች በአንድ መስመር ጻፊ። እሱ ከድምሩ የበለጠ ይናገራል።

ሙቀቱን በቴርሞሜትሩ ውሰጂው። የተጠበሰ እንቁላል ሳህኑ ፊትሽ ሲደርስ መሐሉ ከ55 ዲግሪ በታች ከሆነ ቆይቶ መጥቷል። በማዮኔዝ የተለወሰ ዶሮ ወይም ቱና ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው መምጣት ያለበት፤ ለብ ካለ፣ በተለይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ በዋለበት ቀን፣ ተይው፣ አትብዪው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሐል ጀርም ቶሎ ነው የሚራባው።

ከታመምሽ ደግሞ «እገሌ ቤት መረዘኝ» ብለሽ እንዳትጽፊ። አንዳንዱ መርዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስታውካል፣ ሳልሞኔላ ግን ምልክቱ እስኪታይ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። መጨረሻ የበላሽው ሳንድዊች ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ያየሽውን ጻፊ፦ ብር የቆጠረ እጅ ሳይታጠብ ዳቦ ነካ፣ ዶሮው ከፍሪጅ ውጪ ነበር፣ እንዲህ።

በነፃ ከጋበዙሽ ክፈዪ ወይም ያንን ቀን አትቁጠሪው። የአስተናጋጆችን ፊት ፎቶ ውስጥ አታስገቢ።

የገርጂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ብቻ ቀረችኝ፦ ቴካዌይስ? ግማሹ ሰው ቢሮ ወስዶ ነው የሚበላው።

ባለ መጥበሻው፦

ለብቻው ገምግሚው፤ ከተቀመጡበት ጋር አይደባለቅ። ከተሰጠሽበት ጀምረሽ 20 ደቂቃ ያዢና ሳትከፍቺ ጠብቂ፣ ቢሮ እስኪደረስ የሚወስደው ግድም ነው። ከዚያ የታችኛውን ዳቦ በጣትሽ ከሥር ንኪው። መጀመሪያ የሚርሰው እሱ ነው፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ክዳኑ ላይ ውኃ ይሆንና ይወርድበታል። በፎይል ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ከፕላስቲክ ዕቃ ትንሽ ይሻላል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ጫፉ ክፍት የሆነ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ድንቹን አብሮ አንድ ዕቃ ውስጥ የሚከት ቤት ሁለቱንም ያበላሻል፤ የድንቹ እንፋሎት ዳቦውን ያረጥባል፣ ድንቹም ይልፈሰፈሳል። ስታዝዢ «ለየብቻ፣ ካቻፑም ከውጪ» በይና ማን እንደሚሰማሽ መዝግቢ።

ግራም በግራም፦

ሚዛኑ ላይ ከማስቀመጥሽ በፊት ግን ክዳኑ ላይ ያለውን ውኃ ጥረጊ። 5 ግራም ድረስ ሊያሳስት ይችላል።