ጽሑፎችን በነጠላ እየገዙ ማቅረብ፦ ወጪውን እንዴት እንቆጣጠር?

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍታችን ጥቂት አንባቢ ያላቸውን መጽሔቶች ደንበኝነት አቋርጦ፣ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ በነጠላ ለመግዛት አስቧል። ግዢው በቀጥታ በተጠቃሚው ይፈጸም ወይስ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በኩል ይለፍ በሚለው ላይ ግን መስማማት አልቻልንም። ልምድ ያላችሁ ባልደረቦች ምን ትመክራላችሁ?

ምላሽ 1፦ ቀጥታ ግዢ ፈጣን ቢሆንም፣ ገደብ ካልተበጀለት ለግዢው አስቀድሞ የተከፈለው ሒሳብ ዓመቱ ሳይጋመስ ሊሟጠጥ ይችላል። ስለዚህ መብቱን ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ፣ የቀረውን ጥያቄ ደግሞ በባለሙያ ማስተናገድ ይሻላል። ባለሙያው ከመክፈሉ በፊት ጽሑፉ በራሳችሁ ስብስብ ወይም በነፃ በተቋማት ማኅደር አለመኖሩን ያጣራል፤ በአንፔይዎል (በነፃ የተለቀቁ ጽሑፎችን በሚያፈላልገው የኢንተርኔት መሣሪያ) መፈለግ አፍታ አይፈጅም።

ምላሽ 2፦ በነጠላ የተገዛ ጽሑፍ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለጠያቂው ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሲፈልግ እንደገና ይከፈልበታል፤ አስተዳዳሪዎች ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ይደነግጣሉ። ግዢዎችን በየመጽሔቱ መዝግቡ፤ የአንዱ ድምር ወደ ዓመታዊ ደንበኝነቱ ዋጋ ከተጠጋ ደንበኝነቱን መመለስ ያዋጣል። በካውንተር ሪፖርት (አሳታሚዎች በወጥ መስፈርት በሚያቀርቡት የአጠቃቀም ሪፖርት) ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ ስለሌለው የተመለሱ የንባብ ሙከራዎች ለበጀት ግምት መነሻ ይሆናሉ፤ ነገር ግን የተመለሰ ሁሉ ጽሑፉን የግድ ይፈልገዋል ማለት ስላልሆነ፣ በእኔ አስተያየት ፍላጎቱን ያጋንናሉ።

ምላሽ 3፦ ከማቋረጣችሁ በፊት፣ የከፈላችሁባቸውን የቀድሞ የመጽሔት እትሞች በዘላቂነት የማግኘት መብት በውላችሁ መስፈሩን አረጋግጡ።