ለዘፈን ቀረጻ የሚስማማ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ስለ መምረጥ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የአንዲት ድምፃዊት ዘፈኖች ለመቅረጽ ኮንደንሰር ማይክሮፎን (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ፣ ረቂቅ ድምፅንም የሚይዝ ዓይነት) ልገዛ ነው። ድምጿ ቀጭንና ጥርት ያለ ሲሆን፣ «ሰ» እና «ሸ» ላይ ስትደርስ ጆሮ የሚወጋ ፉጨት ይሰማል። የምንቀርጽበት ክፍል ደግሞ ምንጣፍም መጋረጃም የለውም። ውድ የሆነውን ብገዛ ሁለቱም ችግሮች ይቃለሉልኛል? ወይስ ለእንዲህ ያለ ክፍል ዳይናሚክ (መድረክ ላይ የሚዘወተረው ዓይነት ማይክሮፎን) ይሻላል የሚሉት ትክክል ናቸው?

መልስ 1
ወሳኙ ዋጋው ሳይሆን የማይክሮፎኑ ጠባይ ከድምፃዊቷ ድምፅ ጋር መጣጣሙ ነው። ለዘፈን የሚመረጡት አብዛኞቹ ኮንደንሰሮች 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዲያፍራም (በድምፅ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) ያላቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ድምፅን ለማድመቅ ሲባል የላይኛውን ድግግሞሽ (የቀጭኑን ድምፅ ክልል) ሆን ብለው ያጎላሉ። ለምሳሌ የኖይማን ቲኤልኤም 103 እጅግ የተከበረ ማይክሮፎን ነው፤ ሆኖም ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን እስከ 4 ዴሲቤል ያህል ከፍ ስለሚያደርግ፣ የ«ሰ» ፉጨት የሚበረታውም በዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ እርስዎ በገለጹት ድምፅ ላይ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። ለታፈነ ድምፅ ግን ያው ጭማሪ ትልቅ ጥቅም ነው። ስለዚህ አምራቹ የሚያወጣውን የድግግሞሽ ግራፍ ይመልከቱና ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል መስመሩ ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጡ።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የክፍሉ ጉዳይ ግን በማይክሮፎን ግዢ አይፈታም። ኮንደንሰር የክፍሉን ማስተጋባት አብዝቶ ይቀርጻል የሚባለው በአብዛኛው ከአጠቃቀም የመጣ ነው፤ ዳይናሚኩ ከከንፈር አጠገብ ሲያዝ ኮንደንሰሩ ራቅ ብሎ ይቆማልና። ርቀቱን ከ30 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀንሱት ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ግን እምብዛም አይለወጥም። ካርዲዮይድ ማይክሮፎን (በዋናነት ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበል) ሲቀርቡት ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላ፣ ለቀጭን ድምፅ ይህ ራሱ ሙላት ይሰጠዋል። ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሰቀለው በተለይ ከድምፃዊቷ ጀርባ ይሁን፤ ካርዲዮይድ አጥርቶ የሚቀበለው ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውን ነው።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን በመጠኑ ዘወር አድርጎ ማቆምስ ለፉጨቱ ይረዳል?

መልስ 1
አዎን፣ ይረዳል። ትልቅ ዲያፍራም ከጎን የሚመጣውን ከፍተኛ ድግግሞሽ ቀነስ አድርጎ ስለሚቀበል፣ ከአፏ መስመር ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢያዞሩት ለውጡ ይሰማዎታል። ከተቻለ ሁለት ማይክሮፎኖች ተውሰው፣ በዚያው ክፍል ውስጥ አንዱን ስንኝ በሁለቱም ያስዘፍኗት። ሲያወዳድሩ የድምፅ መጠናቸውን እኩል ማድረግዎን አይርሱ፤ ከፍ ብሎ የሚሰማው ምንጊዜም የተሻለ መስሎ ጆሮን ያታልላል። ኦዲዮ ኢንተርፌስዎ (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም ኮንደንሰሩ የሚሠራበትን በኬብሉ በኩል የሚላክ ኃይል፣ የሚሰጥ መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ።